ውሃ የበዛበት ወይራ

ሰብለወርቅ ወንድሟን ከቀበረች ወዲህ አልቅሳ አታውቅም። ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ሶፍት ታቀብላለች፣ "አይዞሽ" ትላለች፤ የራሷ ዓይን ግን ደርቆ ቀርቷል። በለቅሶው ሰሞን ዘመዶቿ "ጠንካራ ልጅ ናት" እያሉ አደነቋት። ጥቂት ቆይተው አድናቆቱን ወደ ሐሜት ለወጡትና "ለአንድ ወንድሟ እንኳ እንባ ያልወጣት" አሏት። ሁለቱንም ሰምታለች። ሁለቱም ጊዜ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነው የመሰላት።

የምትኖረው ቡራዩ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ የሺወርቅ ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት አየር ጤና ላይ ታክሲ ትቀይርና ሰበታ ትገባለች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ መናገሻ ተራራ ማሻቀብ በሚጀምርበት ጥግ፣ ኦቦ ገርባ የሚባሉ አዛውንት የችግኝ ጣቢያ አላቸው። ሰብለወርቅ የጣቢያው ባለሙያ ናት። ከወንዶ ገነት ተመርቃ ስትወጣ ጓደኞቿ ቢሮ ሲፈልጉ እሷ ጭቃ መርጣ የገባችበት ቦታ ነው።

ጣቢያው የሚታወቀው በወይራ ነው። ኦቦ ገርባ ኤጀርሳ ይሉታል። የደረቅ አገር ዛፍ ነው፤ ዝናብ ቢቀር፣ በጋው ቢበረታ፣ ድንጋይ መሃል ቆሞ ቅጠሉን ሳያራግፍ ይከርማል። አንዴ ከቆመ ሰው አያስቸግርም። ችግሩ ማብቀሉ ላይ ነው። የፍሬው ሥጋ ተልጦ ሲያልቅ ውስጡ ያለው ዘር እንደ አጥንት የጠነከረ ቅርፊት ለብሶ ይገኛል፤ እንዲሁ ቢዘሩት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ቅርፊቱ ጫፉ ላይ መሰበር አለበት፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ደግሞ መነካት የለበትም።

ሰብለወርቅና ታመነ የተዋደዱት ይህን ዘር ሲሰብሩ ነው።

ታመነ ከከምባታ፣ ከዱራሜ አካባቢ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሰበታ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ነበር፤ የማሽኑ ጩኸት አልስማማ ቢለው ወደ ኦቦ ገርባ ጣቢያ ዞረ። እሑድ እሑድ በቆርቆሮ በተሠራች ጸሎት ቤት ኳየር ውስጥ ይዘምራል፤ በሥራ ቀን ደግሞ ዜማውን ያለ ቃል እያንጎራጎረ ችግኝ ያጠጣል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ዘሩን በመዶሻ ሊሰብሩ ሞክረው አብዛኛውን ፈጩት፤ የተረፈውም ሳይበቅል ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ፒንሳ ገዙ። በአንድ ሳንቃ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ከምሳ በፊትም ከምሳ በኋላም ጫፍ ጫፉን እየቆነጠሩ ሲሰብሩ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ታመነ በደንብ የተሰበረ ዘር መዳፉ ላይ አድርጎ "እይው" አላት። ሰብለወርቅ ያየችው ዘሩን አልነበረም። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች አፈሩን ገፍተው ሲወጡ መደቡ ዳር ጎን ለጎን ተንበርክከው ነበር። ታመነ እሷን ሳይሆን ቡቃያውን እያየ ከእሷ ጋር ማርጀት እንደሚፈልግ ነገራት። ሰብለወርቅ ጭቃ የነካ እጇን ጭቃ በነካ እጁ ላይ አሳረፈች።

ወይዘሮ የሺወርቅ ነገሩን ሲሰሙ ቤቱ ተናጋ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ቡራዩ ላይ አዲስ ቤት ሲሠሩ እንኳ ለጎረቤት አንገታቸውን ያልደፉ። ልጃቸው ሃይማኖቱም አገሩም ሌላ ለሆነ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ልትዳር ነው መባሉን ሊውጡት አልቻሉም። ታላቅየው ዳዊት ግን ዝም አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ቀልደኛ፣ እህቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ። ዝምታው ለሰብለወርቅ ከእናቷ ቁጣ ይልቅ ከበዳት። ጣቢያው ውስጥ ለሠራተኞች በተሠራው ክፍል ማደር ጀመረች።

ከዚያ አንድ የክረምት ጠዋት ዳዊት በሞተር ሳይክሉ ከቡራዩ ወደ ሰበታ ሲመጣ ወለቴ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨና እዚያው ቀረ።

ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው በሞላበት፣ እናቷ ደረታቸውን እየደቁ አንድ ነገር ደጋገሙ፤ "እሷን ሊያመጣልኝ ሄዶ ነው የቀረው" አሉ። ሰብለወርቅ ያን ዓረፍተ ነገር ሰማችና ውስጧ ያለ አንድ ነገር ጸጥ አለ። ከሰዓት ታመነ መጣ። በዝናብ ብዙ መንገድ በእግሩ መጥቶ ኖሮ ልብሱ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ በዓይኑ ፈለጋት። ወይዘሮ የሺወርቅ ሲያዩት ይህን ሰው አውጡልኝ አሉ። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ሲያዞሩት ታመነ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ እሷ ተመለከተ። ሰብለወርቅ አየችው። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ብዙም ሳይቆይ ታመነ ሱሉልታ ሥራ አግኝቶ መሄዱን ኦቦ ገርባ ነገሯት። "እሺ" አለች። ያን ቀን ውሃ ስታጠጣ ዋለች፤ ማታ ደግሞ ለምን እጇ እንደዛለ ማስታወስ አቃታት።

* * *

ዳዊት ከሞተ ሁለተኛው ክረምት ገብቶ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ኦቦ ገርባ መደቦቹ መሃል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ እሷ መጡ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ" አሏት።

ደህና ማደሯን መለሰችላቸው። እሳቸውም ነገሩን ሳያዞሩ አስረዷት። ሱሉልታ የድሮ ድንጋይ መፍለጫ የነበረ ዳገት ላይ አንድ የወጣቶች ማኅበር ወይራ እያለማ ነው፤ ችግኙ ከዚሁ ጣቢያ የተወሰደ ነው። ዘንድሮ ከተከሉት ብዙው እየደረቀባቸው ነው። አዲስ ችግኝ ይጫንልን፣ ምን እንደነካውም የሚያይልን ሰው ይምጣ ብለዋል።

"ዳገቱን የሚጠብቀው ታመነ ነው" አሉ ኦቦ ገርባ። "ይህን ሳልነግርሽ ብልክሽ ነውር ነው።"

"እሄዳለሁ" አለች።

"እምቢ ትያለሽ ብዬ ነበር።"

"ለምን እምቢ እላለሁ፣ ኦቦ ገርባ? እርስዎ ካሉ እሄዳለሁ።"

ሽማግሌው ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲፈልጉ ቆዩ። የፈለጉትን ያገኙ አይመስልም። ብትቆጪ ወይም ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር አሏትና ወደ ዳሱ ተመለሱ። ሰብለወርቅ ተቀምጣ ውስጧን ዳሰሰች፤ ስሙን ለራሷ በሹክሹክታ ጠራችው። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ነገር አስፈራት፤ ፍርሃቱም ወዲያው ደነዘዘ።

* * *

በማግስቱ የጣቢያው ሾፌር ሸምሰዲን ችግኙን አይሱዙ ላይ ጫነና እንጦጦን አቋርጠው በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ገቡ። ሸምሰዲን መንገዱን ሙሉ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲያወራት "እህ" እያለች አዳመጠችው። ጉሙ ከመኪናው መስታወት ላይ አልለቅ ብሎ ነበር። ስንገናኝ ምን እለዋለሁ ብላ ለማሰብ ሞከረች፤ ሐሳቡ ተንሸራቶ ወደ ችግኙ ሥር፣ ወደ ጉድጓዱ ጥልቀት ይሄድባታል።

ታመነ ዳገቱ ግርጌ ቆሞ ጠበቃቸው። ከስቷል። ጺሙን አሳድጓል። የለበሰው የዝናብ ካፖርት የራሱ እንዳልሆነ ከትከሻው ስፋት ያስታውቃል። መኪናው ሲቆም አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ከዚያ ቆመ።

"ሰላም ነሽ፣ ሰብሌ?"

"ደህና ነኝ። አንተስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

እንደ መሥሪያ ቤት ሰዎች ተጨባበጡ። እጁ ሻካራና ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ጊዜ ያን እጅ ከሩቅ እንኳ ለይታ ታውቀው እንደነበር ትዝ አላት፤ ትዝታው ግን እንደ ሰው ታሪክ ነው የመጣው። ታመነ ዓይኗን አየ፣ ያየውንም መቀበል እንዳቃተው ሰው ዓይኑን ሰበረና የታመመው የቱ እንደሆነ ላሳይሽ አላት።

ላይ ላይ፣ ድንጋዩ መሃል የተተከሉት ወይራዎች ደህና ናቸው። ቅጠላቸው ከላይ አብረቅራቂ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ገርጣ ያለ፤ አጫጭር ቢሆኑም ግንዳቸው ጠንክሯል። የሞተው ታች ያለው ነው። ከአስፋልቱ አጠገብ ሜዳው ላይ በረድፍ የተተከለው ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ሰብለወርቅ አንዱ ሥር በዶማ ቆፈረች። ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ጉድጓዱ ወዲያው ውሃ አቆረ።

"ውሃ ነው የገደላቸው" አለች። "ወይራ ጥም ይችላል። እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ግን ይበሰብሳል።"

ታመነ ይህን እንደሚያውቅ፣ ለማኅበሩ ሰዎችም እንደተናገረ፣ እነሱ ግን የመጀመሪያው ረድፍ ከመንገድ እንዲታይ ስለፈለጉ እንዳልሰሙት ነገራት። ሰብለወርቅ ገና ያልሞቱትን ነቅለው ወደ ላይ እንዲያሻግሯቸው፣ አዲሱንም ችግኝ ከድንጋዩ መስመር በታች እንዳይተክሉ ወሰነች። ሸምሰዲን ችግኙን ሲያወርድ ሁለቱ ነቀላውን ያዙ። እሷ ሥሩን ከነአፈሩ ታነሳለች፣ እሱ በጆንያ ጠቅልሎ ይወጣል። አንዱ አካፋ ሲፈልግ ሌላው ሳይጠየቅ ያቀብላል። ያ የድሮ መግባባት እጃቸው ላይ እንዳለ ነበር፤ ከእጃቸው አልፎ የትም አልደረሰም። ወደ ቀትር ሰማዩ ተደፋ፤ ሸምሰዲን መኪናው ውስጥ ገባ፣ እነሱ ታመነ የሚያድርበት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተጠለሉ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ሰብለወርቅ አፈር የያዘ ጥፍሯን እያየች መቼ እንደሚያባራ ብቻ ታስብ ነበር።

* * *

ታመነ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጀርባውን ሰጥቷት ተናገረ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመለስሽልኝ ሌላ አልጠይቅሽም። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ፊትሽን ያዞርሽብኝ ዳዊት ወደ እኔ ሲመጣ ስለሞተ ነው?"

"ወደ አንተ?" አለች ሰብለወርቅ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። "ወደ እኔ ነው እንጂ። እኔን ሊወስድ።"

"የት ሊወስድሽ?"

"ቤት ነዋ። እማዬ ልካው። ካንተ ነጥሎ ሊያመጣኝ።"

ታመነ ዞረ። ፊቱ ላይ ያየችው ግርታ እውነተኛ ነበር።

"ሰብሌ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዳዊት እኮ ከዚያ በፊት መጥቶ ነበር። አልነገረሽም?"

አልነገራትም። ታመነ አንድ ሳንቃ ላይ ከፊቷ ተቀመጠና አንድ በአንድ ተረከላት። ከአደጋው በፊት በነበረው ሳምንት፣ እሷ ለክርስትና ሆለታ ዘመድ ጋ በሄደችበት ቅዳሜ፣ ዳዊት ሞተሩን እያስጮኸ ጣቢያው ገባ። ፊቱ ሲታይ ለጠብ የመጣ ይመስል ነበር። ታመነ መደብ እያረመ ነው፤ ዳዊት አጠገቡ ቆሞ ብዙ ካየው በኋላ ይሄ ዛፍ ስንት ጊዜው ነው፣ ለምን አያድግም አለው። ታመነ አስረዳው። ዳዊት ጫማውን አውልቆ መደቡ ውስጥ ገባ። አብረው ሲያርሙ ዋሉ፣ ከአንድ ሳህን ሽሮ በሉ። ሲሄድ እናቴን ለእኔ ተዋት፣ እኔ እነግራታለሁ፣ በሽምግልናውም ከሴቷ ወገን የምቆመው እኔ ነኝ አለ። ከመደቡም አንዱን ችግኝ መርጦ፣ ይሄ የእኔ ነው፣ ለቡራዩ ግቢ ነው፣ እናቴን ካሳመንኩ በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎት ሄደ።

"በሞተበት ጠዋት ደውሎልኛል" አለ ታመነ። "እየመጣሁ ነው፣ ችግኜን አዘጋጅ አለኝ። ከዚያ ሌላ አልተናገረም።"

ሰብለወርቅ አላመነችውም፤ አለማመኗም ቁጣ አልነበረበትም። ሰው ለማጽናናት ስንት ነገር ይፈጥራል ብላ አሰበች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ከአፏ ወጣ።

"ስለ ዛፉ ስትነግረው ምን አለ?"

"ቀለደብኝ። ይሄን ዛፍ ለሰርጋችሁ ጥላ ብላችሁ ከሆነ ለልጅ ልጆቻችሁም ሰርግ አይደርስም አለኝ።"

"ሳቀ?"

"ሳቀ እንጂ። አፉን በእጁ ሸፍኖ።"

የዳዊት የፊት ጥርስ ልጅ ሆኖ ኳስ ሲጫወት ተሸርፋ ነበር። ከቤተሰቡ ጋር ሲሆን አፉን ከፍቶ ይስቃል፤ አዲስ ሰው ፊት ግን፣ በተለይ የወደደው ሰው ፊት፣ በእጁ ይሸፍናታል። ይህን ማንም ሊፈጥረው አይችልም። ሰብለወርቅ ጎኗ ውስጥ አንድ ነገር ሲወጋት ተሰማት፤ ትንሽ፣ እንደ መርፌ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"የምታውቂ መስሎኝ ነዋ" አለ ታመነ። "አውቀሽ የፈረድሽብኝ መስሎኝ። እኔ ባልኖር ዳዊት ያን መንገድ አይመጣም ነበር። ፊትሽን ስታዞሪ፣ ልክ ናት አልኩ። ምን አፍ አለኝና ነው ተከትዬሽ የማወራው?"

"እኔ አንተን አይደለም" አለች። "ካንተ ጋር ሆኜ መታየት ነው ያቃተኝ። እኔ ባልወድህ ወንድሜ አይሞትም ነበር ብዬ ነው። አንተን ባየሁ ቁጥር እሱን የገደልኩት ይመስለኛል።"

ያን ሁሉ ጊዜ እሷ ሰበታ እሱ ሱሉልታ ሆነው አንዱን ሞት እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲሸከሙት እንደኖሩ ገባቸው፤ ሲገባቸው ግን እፎይታ አልመጣም። ዝናቡ ሳስቶ ነበር።

"ችግኙስ?" አለች በመጨረሻ።

ታመነ ይህን ጥያቄ ሲፈራው እንደቆየ ያስታውቅ ነበር። ከሰበታ ሲለቅ ኦቦ ገርባን አስፈቅዶ ይዞት መጣ፤ ዳገቱ ግርጌ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተከለው። አጥር አጠረለት። ያኔ መሬቱን ገና አላወቀውም ነበር።

"ከሁሉም ቀድሞ የሞተው እሱ ነው" አለ።

"አሳየኝ።"

ካፊያው ውስጥ ወረዱ። በቀርከሃ አጥር መሃል አንድ ቀጭን እንጨት ቆሟል፤ ቅጠል የሚባል አልቀረውም። ሰብለወርቅ ተንበረከከች። ማንኛውም ባለሙያ እንደሚያደርገው በአውራ ጣቷ ጥፍር ቅርፊቱን ፋቅ አድርጋ ከሥሩ አረንጓዴ ይኖር እንደሆን አየች። ቡናማ ነው። ዝቅ ብላ ፋቀች። ቡናማ ነው። እንደገና ዝቅ አለች፣ እስከ አፈሩ ድረስ፤ ከአፈሩ በታችም ቆፍራ ፋቀች። ነቀነቀችው። ያለ አንዳች ተቃውሞ እጇ ላይ ወጣ፤ ሥሩ ጠቁሮ ሸቷል። ሞቶ የቆየ ችግኝ ነው። ከዚህ በኋላ የሚታይ ነገር የለም፤ እሷም ታውቃለች፤ ግን መፋቁን አልተወችም። ከላይ ጀመረች፣ ከጎን ጀመረች። ጥፍሯ ተሰንጥቆ ሲደማ አላወቀችውም።

ታመነ እጇን ያዘ።

"በቃ፣ ሰብሌ።"

"ትንሽ አረንጓዴ ይኖረዋል" አለች።

"የለውም።"

"ዳዊት ራሱ የመረጠው እኮ ነው" አለች፤ ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ።

ልቅሶው ሲመጣ አላወቀችውም። መጀመሪያ ትንፋሽ ያጠራት ነው የመሰላት። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ አንድ የማታውቀው ድምፅ ወጣ፤ አንዲት ቀጭን የበሰበሰች እንጨት ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጭቃ ላይ ተቀምጣ፣ በሬሳው ሳጥን ፊት ያልወጣት እንባ ሁሉ ወጣ። ታመነ አይዞሽ አላላትም። አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጠና ትከሻውን ሰጣት፤ የእሱም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሸምሰዲን ከመኪናው ወርዶ ሁኔታቸውን አየና ቆቡን አውልቆ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ።

ስትረጋጋ ተነስተው የቀረውን ተከሉ። መሥራት ነበረባቸው፤ ሥሩ የተነካ ችግኝ ውጭ አያድርም። ድንጋዩ መሃል ጉድጓድ ሲቆፍሩ ንፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሰብለወርቅ ፊቷ ላይ ብርዱ ሲቆነጥጣት ገረማት። መኪናው ሊነሳ ሲል ታመነ በመስኮቱ በኩል ጠጋ አለ።

"ትመጫለሽ?" አለ።

"ተከላው እስኪያልቅ እመጣለሁ።"

"ከዚያስ?"

ሰብለወርቅ ድሮ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ሳቁ ገና አልደረሰላትም። ግን ፊቷን አላዞረችም፤ በደንብ፣ ረጋ ብላ አየችው።

"ከዚያም" አለች።

መንገዱን ሙሉ ደረቷ ያማት ነበር፤ ሕመሙ እንዳይለቃት ብላ ሳታውቀው በእጇ ደግፋ ያዘችው።

* * *

ቡራዩ ስትደርስ ገና አልመሸም። ወይዘሮ የሺወርቅ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው የልጃቸውን ያበጠ ዓይንና የጨቀየ ቀሚስ ሲያዩ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

ሰብለወርቅ ሳትቀመጥ ነገረቻቸው። ታመነን ማግኘቷን፣ ዳዊት ጣቢያው ድረስ ሄዶ ከእሱ ጋር መዋሉን፣ እናቴን እኔ አሳምናለሁ ማለቱን ነገረቻቸው። እናቷ ይህን ውሸት ነው ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ወይዘሮ የሺወርቅ ግን ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ሲረዝም ሰብለወርቅ ገባት።

"ታውቂ ነበር፣ እማዬ?"

"የሞተ ዕለት ጠዋት ነገረኝ" አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ያነሰ ነበር። "ቁርስ አቅርቤለት። ልጁን አይቼዋለሁ፣ ጨዋ ነው፣ ሽማግሌ ሲልክ እኔ ነኝ የምቀበለው አለኝ። አባትህ ቢኖር እንዲህ አትደፍረኝም ነበር አልኩት። ከቤቴ ውጣልኝ አልኩት። ተነስቶ ሄደ።" ምስሩን በጣታቸው ወዲያና ወዲህ አደረጉት። "ሳይበላ ነው የሄደው። ሳህኑን ከነክዳኑ ነው ያነሳሁት።"

"አንቺ ግን ሰው ሁሉ ፊት እኔን ሊያመጣ ሄዶ ነው አልሽ።"

"አልኩ።"

"ለምን በእኔ አሳበብሽ?"

"እኔ ልሸከመው አልቻልኩም" አሉ። "አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትችይዋለሽ ብዬ ነው መሰለኝ። ስታይኝ አታለቅሺም፤ ቻለችው አልኩ።"

ሰብለወርቅ ቁጣ ሲሞቃት ተሰማት፤ ከአንገቷ ተነስቶ እስከ ጆሮዋ። ብዙ ልትላቸው ትችል ነበር። እናቷ ግን ሰፌዱን እንደያዙ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ለጎረቤት ያልደፉትን አንገት። ቁጣዋ እንዳለ ሆኖ አጠገባቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካካ። ይቅር አላለቻቸውም፤ ለዚያ ገና ነበር። ተነስታም አልሄደችም።

"ያ ልጅ" አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ በመጨረሻ፣ "ያን ቀን ዝናብ መትቶት ነበር። ጃንጥላ እንኳ አልነበረውም።"

"አልነበረውም።"

"ይምጣ አልልሽም። አሁኑኑ ይምጣ በይ አትበይኝ።"

"አላልኩሽም፣ እማዬ።"

እናቷ የተለቀመውን ምስር ወደ አንድ ጥግ ሰበሰቡ። ተመልሰሽ ትሄጃለሽ ወይ ብለው ጠየቋት፤ ተከላው ስላላለቀ በሳምንቱ እንደምትሄድ ነገረቻቸው።

"ምሳ እቋጥርልሻለሁ" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሱ ጨመሩበት። "ለሁለት ሰው የሚሆን።"

ሰብለወርቅ ከሰፌዱ የወደቀ አንድ ምስር አንስታ ወደ ሰፌዱ መለሰች።

"ዛሬስ በልተሻል?" አሏት።

ማሰብ ነበረባት። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። እናቷ ተነስተው ወደ ጓዳ ሲገቡ የወጡ ሽታ በበሩ በኩል ደረሳት፤ ምራቋ መጣ፣ ሆዷ ጮኸ። ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ርቧታል፤ ከምር ርቧታል።